የእሑድ ከሰዓት ጥንዶች

እሑድ ከሰዓት ቡሬ ላይ ዝናብ ሲጥልና ምሳ ከብዶኝ ጋደም ስል፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል አንድ ሙዚቃ ይመጣብኛል። ቃል የለውም። ከሙዚቃው ቀጥሎ ሰማያዊ መጋረጃ ይገለጣል፤ ሱፍ የለበሰ አቅራቢ ፈገግ ይላል፤ ጭብጨባ ይሰማል። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ስልካቸው ላይ ፈልገው ሊያገኙልኝ ሞከሩ። አላገኙትም። እኔ ግን ብዙም አልከፋኝም፤ ምናልባት መጋረጃው ሰማያዊ አልነበረም ይሆናል።

የባልና ሚስት ውድድር ነበር። ባልየው ጆሮውን በትልቅ ማዳመጫ ደፍነውበት ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሚስቱ ትጠየቃለች። ከምግብ ምን ይወዳል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ የተያያችሁ ዕለት ምን ለብሶ ነበር? ከዚያ ማዳመጫው ይነሳለትና ያው ጥያቄ ለእሱ ይቀርብለታል። መልሳቸው ከገጠመ ደወል ይደወላል። ብዙ የገጠመላቸው ፍሪጅ ወይም አልጋ ከነፍራሹ ይሸለማሉ። ያኔ የነበረን ጣቢያ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት አገር ሁሉ እነዚያን ጥንዶች የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ እኔ ከአዴት መጥቼ ፍኖተ ሰላም ላይ አስተምራለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤቶች በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጋሼና እትዬ እላቸዋለሁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ፣ ኋላ የመንግሥት መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እትዬ የቡሬ በርበሬ እያስመጡ ቀንጥሰው፣ አስጥተው፣ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ታስሮ ደጅ ቆሟል፤ ምስሉ ሲዝረከረክ እኔ እወጣና ወደ ማንኩሳ አቅጣጫ ዞር አደርገዋለሁ፤ እነሱ ከውስጥ በቃ እስኪሉኝ።

በገባሁ በሳምንቱ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለቱ አይነጋገሩም። አይጣሉም፣ አይሰዳደቡም፤ ብቻ ቃል አይለዋወጡም። ገበታ ቀርቦ ጋሼ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ሳለ እትዬ ወደ እኔ ዞረው ምሳ ደርሷል በያቸው ይላሉ። ጋሼም እግዜር ይስጥልኝ በያት ይላሉ። ከእኔ በፊት ሌላ ተከራይ፣ ከእሷም በፊት ሌላ ተከራይ ይህንኑ ስታመላልስ ኖራለች። ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዲት ጎረቤት እንደነገረችኝ ነገሩ የመጣው በእትዬ ወንድም ተዝካር ነው። ተዝካሩ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ ነበር፤ ወሩ ሰኔ። ጋሼ የፈተና ወረቀት አርሜ አልጨረስሁም ብለው ቀሩ። እትዬ ሄደው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ባላቸውን ቀና ብለው አላነጋገሩም።

እሑድ ከሰዓት ግን ሁለቱም አይቀሩም። ጋሼ በመስኮቱ በኩል፣ እትዬ በበሩ በኩል፣ እኔ መሐል ሆነን እናያለን። ጥንዶቹ ሲሳሳቱ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ሲገጥም ቶሎ ያቆማሉ።

በሰኔ መግቢያ አንድ እሑድ፣ ውጭ ዶፍ እየወረደ፣ አቅራቢው አንዱን ባል ሚስቱ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ማሰብ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ሳሎኑ ግራጫ ሆነ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል። እኔ ሳላስበው፣ የልጅ አእምሮ ሆኖብኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞርሁና፣

“ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር?” አልሁ።

እንዳልሁት ደነገጥሁ።

“የወንዝ ሙላት” አሉ ጋሼ። “ታናሽ እህቷን ወንዝ ወስዷታል። የጎደለ ወንዝ እንኳ ስትሻገር ዓይኗን ጨፍና ነው።”

እትዬ ንገሪያቸው ብለው ጀመሩ። ከዚያ ቃሉን ተዉት። ከእኔ አልፈው ወደ መስኮቱ አዩ።

“ለተዝካሩ ስሄድ ወንዙን ብቻዬን ነው የተሻገርሁት” አሉ።

“አውቃለሁ” አሉ ጋሼ። “በህልሜ ስንት ጊዜ አሻግሬሻለሁ።”

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙ አልቆ ነበር፤ ያ ሰውዬ ምን ብሎ እንደመለሰ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በማግስቱ ጋሼ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። መወዳደር እንፈልጋለን፣ እጄ ይንቀጠቀጣልና ጻፊልኝ አሉኝ። ለዝግጅት ክፍሉ ጻፍሁላቸው፤ በስንት ዓመታቸው እንደተጋቡ፣ የት እንደሚኖሩ። ደብዳቤውን ሁለቱም አብረው ፖስታ ቤት ወሰዱት።

ያን ክረምት ወደ አዴት አልሄድሁም። ድንገት ከተጠራን ብለው አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ይለማመዳሉ፤ እኔ አቅራቢ ነኝ። ማዳመጫ ስለሌለ ጋሼ ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽሪት ከበቅሎ ስትወርድ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ፣ ጫማ ጠበበኝ ብያለሁ አሉ። ጋሼ ጋቢውን ገልጠው፣ ምንም አላለችም፣ ስታለቅስ ነበር አሉ። ያለቀሰችውም በጫማው እንደሆነ ያን ዕለት ተሰማ። አንዳንዴ የእኔ ጥያቄ ያልቅና እነሱ ራሳቸው ይቀጥላሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ እያለ፣ እኔንም እየረሱኝ። ጓሮው ይጨላልማል፣ የበርበሬው ሽታ ከጓዳ ይመጣል፣ እኔም ከተቀመጥሁበት ያንቀላፋኛል።

መልስ አልመጣም። ከዓመት በላይ ጠበቅን። አንድ እሑድ ቴሌቪዥኑን ስንከፍት በዚያ ሰዓት ስለ ንብ እርባታ የሚያስረዳ ሰው ተቀምጧል። ፕሮግራሙ መቆሙን የነገረን የለም። እትዬ የንቡንም ነገር እስከ መጨረሻው አዩት። ጋሼ ግን መጋረጃውን እንኳ ሳያሳዩን ዘጉት አሉ።

ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። መጀመሪያ ጋሼ፣ በዓመቱ እትዬ። ግቢው ተሸጦ ፎቅ ተሠርቶበታል አሉኝ፤ ሄጄ አላየሁትም።

እኔ ወደ ቡሬ የተዛወርሁት ፕሮግራሙ ከቆመ በኋላ በመጣው መስከረም ነው። መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ቦታ ስፈልግ ከውጭ በመስኮቱ ይነጋገራሉ። ጋሼ፣ በግራ አትቀመጪ፣ ፀሐይ ይመታሻል አሉ። እትዬ፣

“አንቱ ደግሞ! ፀሐዩ በቀኝ ነው” አሏቸው።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ገና አልተግባቡም። ወደ ኋላ ስዞር ጋሼ በዱላቸው ሰማዩን ያሳያሉ፤ እትዬ የጋሼን እጅ ይዘው ዱላውን ወደ ሌላ በኩል ያዞራሉ። እኔን ማየታቸውን እንጃ።