የደብሪቱ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ

ደብሪቱ ካዛንቺስ ካለ አንድ ሆቴል የላውንደሪ ኃላፊ ለመሆን አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ሰው ሁሉ ገር ናት ይላታል፤ እሷን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ካውያ ላይ የሚሠራው ሃብተአብ ማርፈድ አመሉ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፋለት፣ ሽማግሌ እየላከባት ሁለቱንም ቀድዳለች። ሥራ አስኪያጁም "ሦስተኛውን ከቀደድሽ ኃላፊነቱን ለሚችል ሰው እሰጠዋለሁ" ብሏታል።

ሦስተኛውን ጽፋ ቤቷ በገባች ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ በሯ ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊታቸው ደግሞ የገዛ ንስሐ አባቷ አባ ገብረየስ።

"አባ፣ እርስዎም?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ እግሬ ላይ ወደቀ። ይቅር በይው።"

"የሥራ ነገር እኮ ነው አባ! ማለቴ፣ እኔና እሱ ጥል የለንም።"

"ጥል ከሌለማ ስለ ምን ትቀጭዋለሽ?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ወንበር አቀረበችላቸው። እነሱም እሺ ካላልሽ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ወረቀቱን አውጥታ ቀደደችው።

ሰኞ ሃብተአብ አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍዶ ብቅ አለ። "እትዬ ደብሪቱ፣ አይቆጡኝ በቃ። ሽማግሌዎቹን ላመሰግን በየቤታቸው ስዞር ነው።"

ደብሪቱ ቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጥታ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እዚያው ሌላ ማስጠንቀቂያ ጻፈችና "ዛሬስ እርስዎ ይፈርሙበት" አለችው።

እስክሪብቶውን አነሣና ቆም አለ።

"የመጡት አባ ገብረየስ ናቸው አልሽ? የእኔም ንስሐ አባት እኮ ናቸው" አለና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። "በይ፣ አንቺው ፈርሚ።"