ግራኟ ሙሽራ

«ሙሽራዬ ባሏን በግራ እጇ ታጉርሰው? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!»

ይህን ያሉኝ ሥዕል የምሠራለትን ልብ ወለድ የጻፉት ጋሼ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ግን የእኔን ያስከነዳል። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ቆመው ያመጣሁላቸውን ሥዕል ወደ መስኮቱ አስጠግተው ያገላብጣሉ።

የመጽሐፉን ሥዕሎች የምሠራው ሊኖ በሚባል ለስላሳ ንጣፍ ላይ ፈልፍዬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀት ላይ በማተም ነው። ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል። አውቃለሁ! እስከዚያ ቀን ግን ዛፍና ቤት ብቻ ስለሠራሁ ማንም አልነቃብኝም።

«ጋሼ፣ ግራኝ ሙሽራ የለችም እንዴ?»

«በእኔ መጽሐፍ የለችም። ሰው ገና ሳያነበኝ ይስቅብኛል። በቃ፣ ያለ ሥዕል ይውጣ፤ ነገ ለማተሚያ ቤቱ እልከዋለሁ።»

ሥዕሌ መጽሐፍ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ከሰፈሬ ከካሳራኒ ድረስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተንገጫግጬ የመጣሁት ይህን ለመስማት አይደለም። ሊኖውን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሙሽራዋን ላስተካክላት ነዋ። ማንኪያ ይስጡኝ።»

አንዷን ወረቀት አተምኩ። ቀለሟ ሳይደርቅ ሌላ ወረቀት ደረብኩባትና በማንኪያው ጀርባ ፈተግኩት። የላዩን ስልጠው ሙሽራዋ ወደ ቀኟ ተመልሳለች። ችግሩ፣ ቀሚሷም እንጀራውም ደብዝዟል።

«አሁን ደግሞ ታመመችብን» አሉ ጋሼ።

ባለቤታቸው ከኩሽና ብቅ አሉ። «እንዴ! ማንኪያዬን!»

«እትዬ፣ ቆይተው ይቆጡኛል። ባዶ የኡንጋ ከረጢት አለ?»

እየሳቁ አመጡልኝ። የዱቄቱን ከረጢት ቀድጄ እንጀራ አደረግኩት። ከቤቴ ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ የጣለችውን ባለ ደማቅ ቀለም የኪቴንጌ ጨርቅ ቁራጭ በሙጫ ለጥፌ ሙሽራዋን አለበስኳት። ቀኝ እጇን ብቻ ሳልነካ ተውኩት።

እትዬ ከትከሻዬ በላይ አዩና ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ፣ እንዲህ ያለ ቀሚስ መቼ አለበስከኝ?»

ጋሼ የራሳቸውን ቀኝ እጅ አንስተው ከሥዕሉ ጋር አስተያዩ። ደግመው አስተያዩ።

«ቀኝ ነው» አሉ። «ይሄኛው ይሂድ። ግራኟን ግን እዚሁ ተዪልኝ።»

እትዬ ቀለም የነካውን ማንኪያ በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። «ይዘሽው ሂጂ! ማን ሊበላበት!»

ጫማዬን አጠለቅኩና ደረጃውን ወርጄ ወደ ማታቱው ማቆሚያ ሄድኩ።