የደሃና አየር በጠርሙስ

ሥራዬ አየር በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ባሕር ማዶ መላክ ነው። በውቅያኖስ መሃል ባሉ ደሴቶችም እንደኔ ጠርሙስ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ከመኪናና ከፋብሪካ የራቀ አየር ከየቦታው ይሰበሰብና የዓለም ጭስ ምን ያህል እንደ ጨመረ ከዓመት ዓመት ይታያል። የደሴቶቹ ሰዎች ታድለዋል፤ የሚታዘባቸው ዓሣ ብቻ ነው። እኔን የዋጉ ደሃና ወረዳ ሙሉ ይታዘበኛል። "ጉም ዘጋኝ" የሚል ስም አውጥተውልኛል።

የጠርሙሶቹን ሻንጣ በአህያ ጭኜ ገደሉ አፋፍ ላይ እወጣለሁ። አህያዋን ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ራቅ አድርጌ አስራታለሁ፤ ፈሷ ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ የዋግ አየር ተበላሸ ተብሎ ዓለም ይሸበራል። ከዚያ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ ጠርሙሱን እከፍታለሁ፤ ሞልቶ እስክዘጋው ድረስ አልተነፍስም። በዚህ መሃል ዓይኔ ፈጦ ያየኝ አንድ አዛውንት ጠበል እንድገባ በቅንነት መክረውኛል።

አንዲት ጎረቤት አሉኝ። ሴት ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በደወለች ቁጥር "አየሩ አልተስማማኝም" ትላለች። ከስታለች አሉ፣ እንቅልፍም የላትም፤ አሠሪዎቿ ደግሞ ውሏ ሳያልቅ አይለቋትም። አንድ ጠዋት እናቲቱ አጥበው ያደረቁትን ባዶ ሃይላንድ ይዘው መጡ። ለፈረንጅ ከምልከው ላይ ለልጃቸው እንድሞላላቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ቦታ ቢሆን እንደሚመርጡ፣ ክዳኑንም ጥብቅ እንዳደርገው አሳሰቡኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። ጭንቅ ሲለኝ ማስተማር እወዳለሁ። አየር አጥር እንደማያውቅ፣ እዚያ የተተነፈሰው ውሎ አድሮ እዚህ እንደሚደርስ፣ የበጋው ነፋስም ከቀይ ባሕር ማዶ እንደሚነሳ አስረዳኋቸው። ስናገር ለራሴ ሊቅ መስዬ ታየሁ።

"ከልጄ በኩል ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ከዚያ በኩል።"

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

በሚቀጥለው የመሙያ ቀን ቀድመውኝ አፋፉ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ልክ ከፊቴ፣ አየሩን በረጅሙ ይስባሉ። ትንፋሽዎ ከገባ ጠርሙሱ ይጣላል፣ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ለመንኳቸው።

"እኔ መች ተነፈስኩ?" አሉ። "እየሳብኩ ነው እንጂ።"

የሳበ መተንፈሱ እንደማይቀር ልከራከር ሞከርኩ። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ምርቃት አልነበረም። እኔም ተናደድኩ፤ ነፋሱ ሊያቆም ነው፣ ጠርሙሱ ባዶ ነው። በመጨረሻ ክንዳቸውን ይዤ ከኋላዬ አህያዋ አጠገብ ወሰድኳቸው። እዚያም ነፋሱ እንደሚደርሳቸው ምዬ ተገዝቼ ነው የተስማሙት።

ተመልሼ ትንፋሼን ያዝኩና ጠርሙሱን ከፈትኩ። ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ።

"ልጄ፣ ሁሉንም አትክተተው፤ ለእኔም አትርፍልኝ።"

አንጀቴን በሉኝ። እሺ እንዳልል ትንፋሼን ይዣለሁ። ጠርሙሱን ከወትሮው ቀደም ብዬ ዘጋሁት።