የመለስኩት ናሙና

ከምሠራበት ላቦራቶሪ ነው የወሰዱኝ፤ ነጩን ጋዎኔን እንኳ አላወለቅኩም። ጥፋቴ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት አንድ ጽሑፍ ነበር። የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም፣ የድሬ ሙቀት ግድግዳው ውስጥ ያድራል። ብቻዬን ስንት ቀን እንደቆየሁ መቁጠር ታክቶኝ ተውኩት። መጨረሻ ላይ ለበሩ ሰላምታ መስጠት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ አመጡልኝ፤ የጀልዴሳ አርብቶ አደር ናቸው። ትልቁ ክፍል ያሉት እስረኞች ሳላቸውን ጠልተው አስወጥተዋቸዋል። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ስለ ግመሎቻቸው የሚያወሩት በየስማቸው እየጠሩ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉንም አወቅኳቸው።

ሽማግሌው ግን በየቀኑ እየከሱ ሄዱ፤ ሲተኙ ላብ ያጠምቃቸዋል። ሥራዬ ነውና ቲቢ ሳይሆን እንደማይቀር ገባኝ። ፖሊሱን ለምኜ ለምኜ ነርስ መጣች። ክዳን ያለው ዕቃ ሰጥታ፣ "ጠዋት አክታ ይስጡ" ብላቸው ሄደች።

ጠዋት ዕቃውን አየሁት፤ ምራቅ ብቻ ነው። ሰው ፊት አክታ መትፋት ነውር ሆኖባቸው ውጠውታል። በምራቅ ቲቢውን ማግኘት ይከብዳል፤ "የለብዎትም" ይባሉና እኔ ጋ ይቀራሉ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዕቃውን ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ያን ያህል መቆሜ ዛሬም ያሳፍረኛል።

"አባቴ፣ ይሄ አይሆንም። ከሳንባ የሚወጣው ነው የሚፈለገው።"

"ከተገኘብኝስ?"

"ወስደው ያክሙዎታል።"

"ወላሂ፣ አንተም ጠላኸኝ?"

ዕቃውን መለስኩላቸው። ጋዎኔን አውልቄ መሀላችን እንደ መጋረጃ ዘረጋሁትና ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ሽማግሌው ከኋላዬ ረጅም ሳል ሳሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወሰዷቸው። ሲወጡ ዞረው አላዩኝም።

ነርሷ ሌላ ቀን ለእኔም ዕቃ ይዛ መጣች። "አብረህ ስለነበርክ አንተም መመርመር አለብህ" አለችኝ። ውጤታቸውን በዚህ አወቅኩ።

"መድኃኒት ጀመሩ?"

"ጀምረዋል።"

በጣም ደስ አለኝ። የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ዛሬ ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ድነው እንደሆነ ላያቸው ብዬ የጀልዴሳ መኪና እስከሚነሳበት ድረስ ሦስቴ ሄጃለሁ። አንዴማ ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። "ለምን አባረርከኝ?" ቢሉኝስ ብዬ መኪናው ሳይሞላ ወረድኩ።