እምቢተኛው ፕሪንተር

ወንድምየው ፕሪንተሩን ሲገዛ ማንንም አላማከረም። ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባና «በርካሽ አገኘሁት» አለ። ርካሽ ነገር ካየ እጁ አያርፍለትም። እህቱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበች። ዕቃው የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ የቤቱ ኮምፒውተር ደግሞ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለ ሌላ ሲስተም ነው።

ሊኑክሱን የጫነችው እሷ ናት። ዱሮ ባለጉዳይ ፍላሹን በሰካ ቁጥር ቫይረስ እየገባ የሰው ማመልከቻ ድራሹ ይጠፋ ነበር፤ እሷ ከጫነችው ወዲህ ያ ጣጣ ቀረ። አጠገቧ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች «መሐንዲሷ» እያሉ ያሾፉባታል። ሳቅ ብላ ታልፋቸዋለች እንጂ በልቧ ስሙን ወዳዋለች። ሌላ ማዕረግ የሰጣት ሰው የለማ።

ፕሪንተሩ አልሠራ ሲል ወንድሟ ፊቱን አጠቆረ።

«ድሮም ይሄ ሊኑክስሽ ነው ጣጣው።»

«ጋሼ፣ ሳትገዛው ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ…»

«ጭራሽ ጥፋቱ የኔ ሆነ? እስከ ዓርብ ካልሠራ የሚስቴን ወንድም አመጣለሁ። ልጁ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ዊንዶውስ ይችላል። አንቺም ቤት ሆነሽ እማዬን ትይዣለሽ።»

እናታቸው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ብቅ እያለች ታያቸዋለች፤ ከሥራ መልስ የምታጥባቸውም የምታገላብጣቸውም ልጃቸው ናት። እናቷን አልጠላችም። ግን ይህች ጠባብ ክፍል፣ የቀለም ሽታዋ፣ ተራ ጠባቂው፣ ጭቅጭቁ ሳይቀር የእሷ ነበር። ይህን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል? ወንድሟ ይህን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም፤ እንዲያስበው ያስገደደውም ሰው የለም።

እልህ ያዛት። ድራይቨር የሚሉት፣ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ የሚግባቡበት ፕሮግራም፣ ለዚህ ዕቃ በሊኑክስ አልተሠራለትም። ምሳዋን ትታ ኢንተርኔት ስታስስ እንደ እሷው ያረሩ ሰዎች የተጻጻፉትን አገኘች። አንዱ «አውጥታችሁ ጣሉት» ይላል። ሌላው ከዚያው ፋብሪካ ቀደም ብሎ የወጣውን ፕሪንተር ድራይቨር ሞክሩ ይላል። ሞከረች። ፕሪንተሩ አጓርቶ ወረቀት ተፋ፤ ፊደሉ በሙሉ ግን ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ወንድሟ ወረቀቱን አንሥቶ ተራ ለሚጠብቁት እያሳየ «ይሄን ለዳኛው ትሰጡታላችሁ?» አለ። ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፋች።

መላው የመጣላት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ገጹ መጀመሪያ ወደ ሥዕል ተለውጦ ቢላክስ? ሥዕል ከሆነ ፕሪንተሩ ፊደሉን ማወቅ አይጠበቅበትም። ለውጣ ላከችው፤ ገጹ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስታዋን የምትነግረው ሰው ስላልነበረ ወረቀቱን ገና እንደሞቀ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት። ግን የወንድሟን ነገር ታውቃለች፤ ብዙ መነካካት የሚፈልግ ነገር ያናድደዋል። የኮፒ ማሽኑን ቁልፎች እንኳ በቀለም የለየችለት እሷ ናት። አሁንም ሥራውን ሁሉ በጻፈችው አንድ ትእዛዝ አሰረችና ስክሪኑ ላይ ትልቅ ምልክት አድርጋ «አትም» ብላ ጻፈችበት።

«በቃ ይቺን ብቻ ነው የምጫነው?»

«እሷን ብቻ። ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል።»

ጫነ፤ ወጣ። ደግሞ ጫነ፤ ወጣ። «ጎበዝ» አላት፤ ከአፉ ሰምታው የማታውቀው ቃል ነው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ወንድም ደወለ።

«ነገ ጠዋት ግባ። የለም፣ የለም፣ ምንም ማወቅ የለብህም፤ ሕፃንም ይሠራዋል።»

እህቱ ክው አለች።

«ጋሼ፣ ካልሠራ ነበር እኮ ያልከው።»

«ታዲያ ከሠራ አንቺ ምን አደከመሽ? እንዲህ ከቀለለ ማንም ይይዘዋል። እማዬን ግን ካንቺ በቀር ማን ያውቅባታል?»

ክፋት የለበትም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ውለታ የዋለላት መስሎታል። ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ብቻዋን ቀረች። ከጻፈችው ትእዛዝ አንዲት መስመር ብታጠፋ ምልክቱ ዋጋ ቢስ ይሆናል፤ ማንም መላውን አያገኘውም። ወንድሟ እየለመነ ይመልሳታል። መስመሯን ስክሪኑ ላይ አወጣቻት፤ ጣቷንም ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። በዚህ መሀል አንዲት ሴትዮ እያለከለኩ ፍላሻቸውን ዘረጉላት።

«ችሎቱ ሊገባ ነው ልጄ፣ ቶሎ በይልኝ።»

ተቀብላ ሰካችው። ምልክቱን ተጫነች። ማመልከቻው አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ወጣ፤ ሴትዮዋም መርቀዋት ሮጡ። ከዚያ ወዲያ ማጥፋቱ አልሆነላትም፤ ነገ እንዲህ እያለከለከ የሚመጣው ሰው ምን በደላት? ወንድሟን ረገመችው፤ ጉብዝናዋንም አብራ ረገመች።

በማግሥቱ ጠዋት የወንድሟ ሚስት ወንድም ወንበሯ ላይ ተመቻችቶ ያንን ምልክት ሲጫን፣ እሷ እናቷን በጎናቸው እያዞረች አንሶላውን ከሥራቸው ትስብ ነበር።