ዝናሽ የማጥመጃ ዘንግ ስትመርጥ

ዝናሽ ከደንቢያ ወደ ሽንፋ የወረደችው ሰሊጥ ለማረም ነበር። አራት ክረምት አረመች። በአምስተኛው ከትራክተር ተሳቢ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲሰበር፣ የእርሻው ተቆጣጣሪ "እንግዲህ ወደ አገርሽ ግቢ" አላት። አልገባችም። ጣና ዳር ያደገች ናትና ሸንበቆ ላይ ክርና መንጠቆ አስራ ሽንፋ ወንዝ ዳር ተቀመጠች። ዓሣ ማጥመድ የወንድ ሥራ ነው ብለው ሳቁባት። እሷ ግን ያወጣችውን እየጠበሰች ለቀን ሠራተኛው መሸጥ ጀመረች፤ የሳቁትም ሲርባቸው መጥተው በሉ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ መጉደል ሲጀምር፣ አንድ ትልቅ አምባዛ ሸንበቆዋን ከመሃል ሰብሮ መንጠቆውን ከነክሩ ይዞባት ሄደ። ወሬውን የሰማ ይስማው የሚባል ሰው ቤቷ ድረስ መጣ። ይስማው መረብ አለው፣ መረቡን የሚጥሉለት አራት ሰዎችም አሉት።

"በዚህ እግርሽ ምን ያንከራትትሻል?" አላት። "ዓሣውን እኛ እናውጣው። አንቺ እየበለትሽ ቀን በቀን ክፍያሽን ተቀበይ።"

"የምበልተው የራሴን ዓሣ ነው።"

"በምን አውጥተሽ? በሸንበቆ?"

"እሱን ለእኔ ተወው" አለችው።

ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጠችው ሦስት ሺህ ብር ነበራት። በማግስቱ እሱን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ መተማ ዮሐንስ ገባች፤ ከሱዳን በኩል የሚመጣ ዕቃ ወደሚሸጡት ወደ ሐጂ ዑበይዳ ሱቅ። ሐጂ በነጭ ጀለቢያቸው ተነስተው አንድ ወርቅማ፣ የሚያብረቀርቅ ማጥመጃ ከነዘንጉ አወረዱላት። ክሩን የሚጠቀልለው መዘውር እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

"ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። ለአንቺ ነው" አሏት።

ዝናሽ እጀታውን አዞረችው። ከዚያ የክሩን ጫፍ ስባ ሰጠቻቸው።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዓሣ ይሁኑልኝ። ይህን ይዘው ወደ በሩ ይሂዱ።"

ሽማግሌው ስቀው ክሩን መዳፋቸው ላይ ጠቅልለው ተራመዱ። መጠቅለያው ክሩን በትንሹ ለቀቀ፣ ገታ አድርጎ ያዘ፣ ደግሞ ለቀቀ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ጭራሽ ደርቆ ያዘና ክሩ ተበጠሰ።

"ፍሬኑ አይረባም" አለች ዝናሽ። "ሌላ ሰው ዓሣው ሲሮጥ አብሮት በዳር በዳር ይሮጣል። እኔ መሮጥ አልችልም፤ መሮጥ ያለበት ክሩ ነው።"

መደርደሪያው ጥግ ላይ ቀለሙ የተላላጠ፣ ዘንግ የሌለው ጥቁር የክር መጠቅለያ አየች። ያውርዱልኝ አለች። ያገለገለ ነው፣ ከባድ ነው፣ ለሴት እጅ አይሆንም አሏት። እሷ ግን አስወረደችው፣ ሐጂንም እንደገና ዓሣ አደረገቻቸው። ክሩ አንዴም ሳይነቀንቃቸው እየተፈታ አስፋልቱ ድረስ ተከተላቸው። በር ላይ ቆሞ የሚያይ አንድ ደላላ፣ "አዲሱን ትታ አሮጌ ትገዛለች!" ብሎ ሳቀ።

"አምባዛ ቀለም አይበላም" አለችው፣ ዞር ሳትል።

አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሲሏት ክዳኑን አስከፍታ ማርሹ ላይ የደረቀውን ግራሶ አሳየቻቸው። በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ተስማሙ። "ኸላስ፣ በቃ ውሰጂው" አሉ ሐጂ፤ ደስ ያላቸውም ይመስሉ ነበር። ከዘንጎቹም ረጃጅሞቹን ሁሉ አንድ በአንድ አጉብጣ መገጣጠሚያቸው ላይ ሲንቀጠቀጡ ስታይ ተወቻቸው፤ አጭርና ወፍራም፣ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት የወለቀበትን በስምንት መቶ ወሰደች። ቀለበቱን አንድ በያጅ ከማይዝግ ሽቦ ሠራላት። በተረፋት ብር ወፍራም ክርና መንጠቆ ገዛች፣ የመኪና ሂሳብ ከፈለች፣ ቆርቆሮው ለከርሞ ቀረ።

ሽንፋ ስትመለስ የይስማው ሰዎች እሷ ታጠምድበት የነበረውን ሰፊ የወንዙ ኩሬ በመረብ ዘግተውት አገኘች። እሷም ድንጋዩ መረብ ስለሚቀድ ማንም መረብ ወደማይጥልበት ወደ ታችኛው ቋጥኝ ወረደች። የመጀመሪያው ቀን ክሩ ተወሳስቦ ሲፈታ ዋለ። ሁለተኛው ቀን ባዶ እጇን ተመለሰች። በሦስተኛው አንድ ዓሣ ይዛ ዳር ላይ አመለጣት፣ ይስማውም ከማዶ ሆኖ አየ።

"ይብቃሽ እንግዲህ!" ብሎ ጮኸ።

ዝናሽ መንጠቆዋ ላይ የዶሮ አንጀት አድርጋ እንደገና ወረወረች።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ እየተንሿሿ ወጣ፤ አምባዛው ወደ ጥልቁ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ዝናሽ የታመመ እግሯን ዘርግታ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሲሄድ ለቀቀችው፣ ሲደክም ጠቀለለችው። እጇ እስኪዝል ቆየች። በመጨረሻ መተንፈሻ ስንጥቁ ውስጥ ጣቷን ከታ ጎትታ ስታወጣው ከጭኗ ይረዝም ነበር። እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ በለተችው።

ለቀን ሠራተኞቹ ጠብሳ የሸጠችው ከሰዓት ሳይሆን አለቀ። ጉልበቷ አብጦ ሁለት ቀን ተኛች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቋጥኙ ስትወርድ የይስማው ሰዎች ቀድመዋት ደርሰው ነበር። መረባቸው ድንጋይ ላይ ተይዞ ለሁለት ተቀዷል። ከመካከላቸው ለይኩን የሚባለው፣ "አንቺ እዚያ ላይ ከተቀመጥሽ አይመቸንም፤ ወንዙን ወደ ላይ ከፍ ብለሽ አጥምጂ" አላት።

"ወንዙ ረጅም ነው" አለች ዝናሽ። "ከፍ የምትሉት እናንተ ናችሁ።"

ለይኩን ጓደኞቹን አየ። ጓደኞቹ የተቀደደውን መረብ አዩ። ዝናሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ በመንጠቆዋ ማጥመድ ጀምራለች፤ እነሱ መረባቸውን ጠቅልለው ሲሄዱም ቀና አላለችም።