የሣር ማጨጃው ሞዴል ቁጥር የት ገባ?

ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችንን የሣር ማጨጃ ማሽን ሞዴል ፎቶ ላነሳ ብሄድ ቁጥሩ ያለበት ቆርቆሮ የለም። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈትተዋል። ሌባ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ማሽኑ ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ነው፣ አርጅቷል። ምላጩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከተበጠሰ ወር ሆነው። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያልጠየቅኩት መለዋወጫ ቤት የለም፤ ሁሉም "ሞዴሉን አምጣ" ይሉኛል።

የተበጠሰውን ቺንጋ ለናሙና አስቀምጬው ነበር። እሱም ባለፈው ሳምንት ጠፋ። የተበጠሰ ቺንጋ ለማን ምን ያደርግለታል?

የግቢያችንን ጥበቃ ጋሽ ፈንቴን ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ ለዚህ አሮጌ ምን አለፋህ? እኔ በማጭዴ አጭደዋለሁ" አሉኝ፣ አንድ እቅፍ ሣር እንደያዙ።

ማሽኑ ሣሩን ከትፎ ስለሚበትነው ለከብት አይሆንም። በማጭድ የታጨደው ግን እየታሰረ ጋሽ ፈንቴ ቤት ይገባል። ላማቸው በዚህ ወር እንዴት እንዳማረባት ብታዩ።

ለአለቃዬ ልናገር ከወንበሬ ስነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ወተት ታየኝ። ጋሽ ፈንቴ ናቸው የሚያመጡልኝ፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ጀምሮ። የሚቀረው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ እንዳይጠገን የሚፈለግ ማሽን አለ? እስኪ ጻፉልኝ፤ እኔ ወተቴን ልጨርስ።